የቪፒኤን አፔ ከምን ይብላ? ኮኔክት ላይ ማስታወቂያ ካስገባሁ ወዲህ ሰው እየሸሸኝ ነው

ብሎክ_214 | ኮዬ ፈጬ | ማክሰኞ ማታ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ያሉበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ሰፈር ውስጥ «ቪፒኤን ላክልኝ» የማይለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያገኘውን ይጭናል፣ አንዱ አልሠራ ሲል ሌላ ይጨምራል። እኔም አንድ ሰርቨር ተከራየሁ፣ ዋየርጋርድ (ቪፒኤን የሚያሠራ ፕሮግራም) ጫንኩበት፣ ለጓደኞቼ አከፋፈልኩ። ቀስ እያለ አፕ ሆነ። አሁን የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ደስ ይላል። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ደስ አይልም።

ሰርቨሩ የሚከፈለው በዩሮ ነው። እኔ ውጭ የሚሠራ ካርድ የለኝም፣ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሆኖ ይከፍልልኛል፣ እኔ ደግሞ ብሩን እዚህ ለአክስቴ እሰጣለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ መቶን አልፎ ሄደ፣ ዩሮውም አልቀረም፣ ለአክስቴ የምሰጠውም አብሮ አደገ። ስለዚህ ማስታወቂያ አስገባሁ። ሰው «ኮኔክት» ሲነካ መጀመሪያ ሙሉ ስክሪን ማስታወቂያ ይመጣል፣ ከዚያ ይገናኛል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከኮዬ ወደ ቃሊቲ በሚሄደው አውቶቡስ ቆሜ ስሄድ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ አፔን ከፈተች። ልቤ ድው አለ። ኮኔክት ነካች። ክቡ ይዞራል። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኔቱ እንደምታውቁት ነው፣ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል። ከዚያ ጥቁር ስክሪን መጣ፣ ጥግ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ኤክስ አለች። ልጅቷ ኤክሷን ልትነካ ስትል አውቶቡሱ ጉድጓድ ገባና አውራ ጣቷ ሳተ። ፕሌይ ስቶር ተከፈተ፣ የሆነ የከረሜላ ጌም። «እፍ!» አለች። ተመለሰች፣ እንደገና ነካች፣ እንደገና ማስታወቂያ። ወጥታ ሌላ ቪፒኤን ከፈተች። ስልኳ ላይ አራት ቪፒኤን ነበራት። የእኔን አላጠፋችውም፣ ዝም ብላ ተወችው።

አሁን ጥያቄዬ፣ ሰውን ሳላስመርር ሰርቨሩን በምን ልክፈል? ሌላ ደግሞ በኢሜይል አንድ ድርጅት «ይህን ኮድ አፕህ ውስጥ ጨምር፣ በየተጠቃሚው በወር ዶላር እንከፍልሃለን» ብሎኛል። ማስታወቂያ የለውም፣ ተጠቃሚው ምንም አያይም ይላል። ይሄስ እንዴት ነው?

—

ያልተኛች | ቦሌ አራብሳ

ያቺ ልጅ እኔ ልሆን እችል ነበር ሃሃሃ። በአውቶቡስ ስለማልሄድ ነው እንጂ።

እኔ በቴሌግራም ልብስ እሸጣለሁ። ቪፒኤን የምፈልገው አንዳንድ የአቅራቢዎች ድረ ገጽ ከእኛ አገር ሲከፍቱት እምቢ ስለሚል ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ነው የምሠራው። አንተ ማስታወቂያው በነፃ የሚታይ ይመስልሃል አይደል? የ30 ሴኮንዱ ቪዲዮ የሚወርደው ከእኔ ጥቅል ላይ ነው ወንድሜ። ማስታወቂያ አስነጋሪው ለአንተ ይከፍላል፣ እኔ ደግሞ ማስታወቂያውን ለማየት እከፍላለሁ። ቤት ዋይፋይ ያለው ሰው ይህ አይገባውም።

ከዚያ የባሰው ሰዓቱ ነው። አንዳንዶቹ «1 ሰዓት በነፃ» ይሉና ልክ ከዕቃ አቅራቢው ጋር ዋጋ ስጨቃጨቅ ጥርቅም ያደርጉታል። «ተጨማሪ ሰዓት ለማግኘት ቪዲዮ ይመልከቱ።» ሰውዬው መልስ ጠብቆ ጠብቆ ለሌላ ሸጠው፣ ደርሶብኛል።

50 ብር በወር በቴሌብር በለኝ፣ ዛሬ እልክልሃለሁ። በዶላር ካልከኝ ግን ከየት አመጣለሁ?

—

ሰርቨር_ጠባቂ | ለገጣፎ

@ብሎክ_214 አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ። ማስታወቂያውን ከመገናኘቱ በፊት ነው ወይስ ከተገናኘ በኋላ የምታመጣው? ምክንያቱም ብዙዎቹ ከተገናኘ በኋላ የሚያመጡት ለተንኮል ነው። ያኔ ማስታወቂያው የሚጠየቀው ከሰርቨሩ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሆነ ሰውየው አራብሳ ተቀምጦ ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለ ይመስላል፣ የዚያ አገር ማስታወቂያ ደግሞ በብዙ እጥፍ ይከፍላል።

—

ብሎክ_214

እውነቱን ልናገር አይደል? ሞክሬዋለሁ። ሁለት ቀን። ገቢው ሲዘል አይቼ ፈርቼ መለስኩት።

—

ሰርቨር_ጠባቂ

ጥሩ ፈራህ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የቪፒኤን ደንቡን አጥብቋል። የስልኩን የሌሎች አፖች ትራፊክ (በኔት የሚመላለስ ዳታ) ለገንዘብ ብሎ ማዞር ክልክል ነው፣ ደንቡ ራሱ እንደ ምሳሌ የጠቀሰው የማስታወቂያ ትራፊክን ተጠቃሚው ከሌለበት አገር በኩል ማሳለፍን ነው። የራስህን አፕ ማስታወቂያ እንዲህ ማድረግም የውሸት ትራፊክ ነው ተብሎ አካውንትህን ሊያዘጋው ይችላል። የማስታወቂያው ገንዘብ እኮ 100 ዶላር እስኪሞላ አይወጣም። ስድስት ወር አጠራቅመህ 94 ዶላር ላይ ቢዘጉብህ ለማን ትጮኻለህ?

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ የመረጥካቸውን አፖች ከተነሉ (ከቪፒኤኑ መስመር) ውጭ ማድረግ ይቻላል። የራስህን አፕ ራሱን አስወጣው። ማስታወቂያው በቀጥታ በሰውየው ኔት ይሄዳል፣ ሐቀኛ ትሆናለህ፣ ሰርቨርህም የከረሜላ ጌም ቪዲዮ አይሸከምም። ገቢህ ይወርዳል፣ ያንን አልዋሽህም።

—

ጡረተኛው | አያት

ልጆች ሰላም ናችሁ። እኔ እንኳ የዚህ ነገር ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ተጠቃሚ ነኝና ልናገር።

ልጄ ከውጭ መጥቶ ቪፒኤን ጫነልኝ፣ የሚሠራበትን የቴሌቪዥን ጣቢያ እንድመለከትለት ብሎ። ጫነልኝና ሄደ። በማግስቱ ስልኩ አናት ላይ ትንሽ ቁልፍ ተስላ አየሁ። ስልኬ ተቆለፈ ብዬ ሦስት ቀን ለሰው አልደወልኩም። የልጅ ልጄ ናት መጥታ የሳቀችብኝ።

ከዚያ ደግሞ የባንክ አፔ አልገባም አለኝ። ወረፋ ይዤ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ልጅቷ ስልኬን አየት አድርጋ «አባባ፣ ቪፒኤን በርቷል፣ ሲስተሙ ከውጭ አገር የሚገባ ሰው መስሎት ነው» አለችኝ። አጠፋችልኝ፣ ገባ። እኔ ግን አላበራሁትም፣ ከጫነው ቀን ጀምሮ እንደበራ ነበር። የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅሌ ሳይነካ ዋናው ሒሳቤ ለምን ያልቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

—

ዲዛይነሯ_ነኝ | ጀሞ

ጋሼ፣ እርስዎ አሁን የጻፉትን እኔ ለአንድ ሥራ ሰባት ሰው ጠይቄ አላገኘሁትም። እግዜር ይስጥልኝ።

@ብሎክ_214 ይህን አጥፈህ ኪስህ ውስጥ ክተት። ቁልፏ የአንድሮይድ ናት፣ መቀየር አትችልም፣ ግን መጀመሪያ ሲከፈት በአንድ መስመር «አናት ላይ ቁልፍ ካዩ ቪፒኤኑ በርቷል ማለት ነው፣ ስልክዎ አልተቆለፈም» ማለት ትችላለህ። በአማርኛም በኦሮምኛም። የባንክና የክፍያ አፖችን ደግሞ ገና ሲጫን ጀምረህ ከተነሉ ውጭ አድርጋቸው፣ ሰርቨር_ጠባቂ እንዳለው ይቻላል። ሰው «ስፕሊት ተነሊንግ» የሚል ሴቲንግ ገብቶ አይፈልግም፣ ኧረ ማን ይፈልጋል።

ጥቅሉን በተመለከተ ጋሼ፣ ቪፒኤን ሲበራ ኔትወርኩ ፌስቡክ ይሁን ቴሌግራም አያይም፣ የሚያየው ወደ አንድ ሰርቨር የሚሄድ የተመሰጠረ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ለፌስቡክ ብለው የገዙት ጥቅል አይነካም፣ ከመደበኛው ዳታ ይቆረጣል። የማንም ጥፋት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ግን አፑ ሊነግርዎ ይገባ ነበር።

—

ማዕዘን_ካፌ | ገላን

ወይ ቪፒኤን። በ2012 ሰኔ ማለቂያ ላይ ኔት ጭራሽ ሲጠፋ በብሉቱዝ አምስት ቪፒኤን ተቀብዬ አንዱም አልሠራ አለኝ። የላከልኝን ልጅ ተጣላሁት።

—

ሰርቨር_ጠባቂ

ይቅርታ ጠይቀው ሃሃ። ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ ቪፒኤን ምንም አያደርግም። መንገድ ሲዘጋ በሌላ መንገድ ይዞራል እንጂ መንገድ ከሌለ በምን ይሄዳል።

—

ጠርጣራው | ሰበታ

ስለዚያ ኢሜይል ማንም አልተናገረም፣ ዋናው እኮ እሱ ነው።

«ተጠቃሚው ምንም አያይም» የሚለው ቃል ብቻ ሊያስፈራህ ይገባል። ያ ኮድ የሚሠራው የተጠቃሚህን ስልክ ለሌላ ሰው መውጫ በር ማድረግ ነው። የማታውቀው ሰው በያልተኛች ስልክ በኩል ኢንተርኔት ይገባል። የሚሠራው ምን እንደሆነ አንተም እሷም አታውቁም። ሆላ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2015 የተወገዘው በዚህ ነው፣ የነፃ ተጠቃሚዎቹን መስመር በእህት ድርጅቱ በኩል ይሸጥ ነበር። በ2024 ግንቦት ደግሞ አሜሪካኖች 911 ኤስ5 የሚባለውን መረብ ሲያፈርሱ ከ19 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ውስጡ ተገኙ፣ ሰው ኮምፒውተሩን የሰጠው ግን ነፃ ቪፒኤን ጫንኩ ብሎ ነው። ማጭበርበሩ ሁሉ የተሠራው በነዚያ ምስኪኖች አድራሻ ነው።

ከዚያ ደግሞ የእኛን አገር ነገር አስብ። ሞባይል ዳታ ላይ ብዙ ሰው አንድ የውጭ አድራሻ ነው የሚጋራው። አንዱ ስልክ ላይ የተሠራ ተንኮል ጎረቤቱን ሁሉ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» እያስባለ የትራፊክ መብራት ያስቆጥራል። ሜጋውም የሚያልቀው ከእሷ ጥቅል ነው። ማስታወቂያው ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የሚያናድድህ።

ነፃ ቪፒኤን ላይ ጥርጣሬዬ ዝም ብሎ አይደለም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. 283 የአንድሮይድ ቪፒኤኖችን አይቶ 38 በመቶው ላይ የማልዌር (የጎጂ ፕሮግራም) ምልክት አግኝቷል፣ 18 በመቶው ጭራሽ አያመሰጥርም ነበር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ የሚባል ቪፒኤን «ይጠብቅሃል» እየተባለ ሰው የትኛውን አፕ ስንት ሰዓት እንደሚጠቀም ይሰበስብበት ነበር፣ አፕል በ2018 ከስቶሩ አስወጣው፣ በ2023 የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አስቀጣ። በ2020 ደግሞ «ምንም መዝገብ አንይዝም» ሲሉ የነበሩ ሰባት ቪፒኤኖች መዝገባቸው ያለ ፓስዎርድ ሜዳ ላይ ተገኘ።

ስለዚህ አንተ ምን ትመዘግባለህ? መጀመሪያ ይህን መልስልኝ፣ ከዚያ ስለ 50 ብር እናወራለን።

—

ብሎክ_214

የሚይዘው ማን ስንት ጊጋ እንደተጠቀመ ብቻ ነው፣ በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። የት እንደገባ አይጽፍም። ኢሜይሉን ዛሬ አጠፋዋለሁ። ለነገሩ ትንሽ ልቤ ተከፍሎ ነበር፣ አልደብቃችሁም።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። 1,000 ሰው በወር 10 ጊጋ ቢጠቀም 10 ቴራ ነው። ርካሽ ሰርቨር ያንን ይችላል። ችግሩ ሁሉም 10 ጊጋ አይጠቀምም፣ ብዙው ሰው ትንሽ ነው የሚነካው፣ ጥቂቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ያወርዳል፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ለሌላው አይተርፍም። ማስታወቂያ የማያየውም እሱ ነው፣ አንድ ጊዜ ያገናኝና አይነካውም! በቀን አስር ጊዜ የሚቆራረጥባት ያልተኛች ናት አስሬ የምታየው።

—

ያልተኛች

ኔት የጠፋባት ትቀጣለች ማለት ነው። ጎበዝ።

—

ዲዛይነሯ_ነኝ

ችግርህን ራስህ ጻፍከው። ማስታወቂያው መገናኘት ላይ ከተሰቀለ፣ ኔቱ በተቆራረጠ ቁጥር ትሸጣለህ። እንዲህ ያለ አፕ ሳይቆራረጥ እንዲሠራ ማን ይደክማል? ማስታወቂያውን ወደ መጨረሻ ውሰደው። ሰው ጨርሶ «አጥፋ» ሲል «ዛሬ ይህን ያህል ሜጋ ተጠቀሙ» የሚል ገጽ አሳየው፣ ሜጋውን ሁሉም ማየት ይፈልጋል፣ ከሥሩ አንድ ጸጥ ያለ ማስታወቂያ። ቪዲዮ አይሁን፣ ምስል ይበቃል። ኔት ጠፍቶ ራሱ ከተቋረጠ ግን ምንም አታሳይ።

ሌላው፣ «ተገናኝቷል» የሚለው አረንጓዴ ውሸት ነው። ትናንት ጫንኩትና ስልኬን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ ብነካው «ተገናኝቷል» አለኝ። ከማን ጋር?

—

ሰርቨር_ጠባቂ

ሃሃሃ ይህ የዋየርጋርድ ጠባይ ነው። ዝምተኛ ነው፣ መስመሩ ባይኖርም አለሁ ይላል። ትራፊክ እያለ በየ2 ደቂቃው ገደማ የምስጠራ ቁልፉን ያድሳል፣ የመጨረሻው መቼ እንደተሳካ ማየት ይቻላል። እሱን አይተህ ነው አረንጓዴ ማብራት ያለብህ። ካልተሳካ ቢጫ አድርግና «ኔት እየፈለግኩ ነው» በል።

ዋየርጋርድ መምረጥህ ግን ጥሩ ነው። አውቶቡስ ላይ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ስትዘዋወር፣ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ስትወጣ አድራሻህ ቢቀየርም ሰርቨሩ በቁልፍህ ስለሚያውቅህ ይቀጥላል። እና ያንን 40 የአገር ባንዲራ የደረደርክበትን የሰርቨር ዝርዝር አጥፋው። ስንት ሰርቨር ነው ያለህ?

—

ብሎክ_214

ሁለት።

—

ሰርቨር_ጠባቂ

😂😂😂

—

ሁለተኛ_እጅ_አይፎን | ሱሉልታ

ለአይፎንስ መቼ ይመጣል?

—

ብሎክ_214

ይቆያል ወንድሜ። አፕል ቪፒኤን የሚቀበለው በድርጅት ስም ከተመዘገበ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ድርጅቴ አንድ ላፕቶፕና አንድ አክስት ናት።

—

ጠርጣራው

ክፍያውን እንዴት ልታደርግ ነው ታዲያ? ፕሌይ ስቶር ላይ ላለ አፕ ጉግል የራሱን ክፍያ ነው የሚፈልገው፣ ከደንበኝነት ክፍያም ድርሻውን ይወስዳል። የቴሌብር መክፈያ ቁልፍ አፑ ውስጥ ብትሰቅል ያወርዱሃል። ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም አሰራጫለሁ ካልክ ደግሞ አንዱ ወስዶ ከፍቶ የራሱን ነገር ጨምሮ በአንተ ስም መልሶ ይለቀዋል። አይቻለሁ።

—

ጡረተኛው

እንደ ሞባይል ካርድ ኮድ አድርጋችሁ ሱቅ ብትሸጡትስ? እኔ ቴሌብርም ልጆቹ ናቸው የሚሠሩልኝ። ሱቅ ግን ራሴ እሄዳለሁ።

—

ብሎክ_214 | ከ3 ሳምንት በኋላ

ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። ሰፈራችን መብራት ለአራት ቀን የለም ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ሥራ በዛ።

ማስታወቂያውን ከኮኔክት ላይ አነሳሁት። አሁን ሲጠፋ ብቻ ነው፣ ከሜጋው ሥር። አፑ ራሱ ከተነሉ ውጭ ሆኗል፣ የባንክና የክፍያ አፖችም። ባንዲራዎቹ ሁለት ሆኑ (አዎ፣ ሳቁ)። ቢጫው መብራት ገብቷል። የጋሼ ቁልፍ የሚለው መስመር በሁለቱም ቋንቋ አለ፣ ኦሮምኛውን ጎረቤቴ ናት ያረመችልኝ፣ እኔ የጻፍኩትን አንብባ ግማሽ ሰዓት ሳቀች። ፊልም የሚያወርዱትን ደግሞ ማታ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ፍጥነታቸውን ቀነስ አደርጋለሁ፣ ይህንንም አፑ ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለቱ ስድብ ላኩልኝ።

የማስታወቂያ ገቢው ከግማሽ በታች ወርዷል። ሰው ግን አፑን ሳይተው ይቆያል፣ የአንድ ኮከብ አስተያየቱም ቀንሷል።

የጋሼን ሐሳብ ሞከርኩት። የ30 ቀን ኮድ በወረቀት አትሜ ብሎካችን ሥር ላለው ሱቅ ሰጠሁ፣ በ50 ብር፣ 5 ብሯ የእሱ። ከማስቲካው ጎን ሰቀለው። አፑ ውስጥ ሱቁ የሚባል ነገር የለም፣ ኮድ ማስገቢያ ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ ቀን ባለሱቁ ደወለና «ሰው ይሄ ምንድን ነው እያለ ነው፣ ምን ልበል?» አለኝ። እኔም እየተንተባተብኩ ስለ ምስጠራ ሳስረዳው «በቃ በቃ፣ ማስታወቂያ የማያመጣ ነው እላቸዋለሁ» ብሎ ዘጋው። በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ኮድ ሸጧል።

ሰርቨሩን ገና አይሸፍንም። ከአክስቴ ጋር የዚህን ወር በግማሽ ተስማምተናል።

—

ያልተኛች

ያ ኮድ አራብሳ ይመጣል? እና አፑ ስንት ሜጋ ነው?

—

ብሎክ_214

14 ሜጋ። አራብሳ ሱቅ ካወቅሽ ንገሪኝ፣ እሁድ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።

—

ያልተኛች

ፋርማሲው ጎን ያለው ሱቅ። ልጁ ዱቤ አይሰጥም፣ ግን ሰው አይጠፋበትም። አፑን ነገ ከእህቴ ቤት ዋይፋይ አወርደዋለሁ።